ለዘይነባ ማሽላ የወጣው አፎሻ

ከጭሮ የተነሳነው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ስምንት ሴት፣ ስምንት ማጭድ። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ኢክራም ትጽፋለች። ካበላሸችው የእሷ ነው፣ ካማረ የእኔ።

የሄድነው ለዘይነባ ነው። ከሂርና በላይ ካለው መንደሯ ሽንኩርት እያመጣች ከእኛ ጋር ጭሮ ገበያ ትሸጣለች፤ የአፎሻችንም አባል ናት። አፎሻ እድር ማለት ነው፤ ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲዳር የሚደርስ። እግሯ ተሰብሮ ጭሮ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኝታ ገና መውጣቷ ነው። ባል የላት፤ ሁለት ትንንሽ ልጆቿ ጎረቤቷ ኦቦ ጀማል ጋ ናቸው። ማሽላዋ ደርቆ ቆሟል፣ ወፉ ይለቅመዋል፣ ሰማዩም ያለወቅቱ ጠቁሯል። ያ ማሽላ ከረገፈ የዓመት ቀለባቸው ሄደ።

"አፎሻ ለማሽላ ወጥቶ ያውቃል?" አለች አስካለ፣ የአፎሻውን ሕግ በቃሏ የያዘችው።

"እንግዲያው እስክትሞት እንጠብቃታ!" አልኳት። ስቃ ማጭዷን ልታመጣ ሄደች።

በዋዜማው ለኦቦ ጀማል ደውዬ፣ "ነገ ዘይነባን ይዘናት እንመጣለን፣ አፎሻው በሙሉ አብሮ ነው፣ ሰው ሰብስብ" ብዬ ሳልጨርስ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

መንገድ ላይ

ዘይነባን ሚኒባሱ ኋላ ወንበር ላይ አጋደምናት፤ ጄሶ ያለበት እግሯ እኔ ጭን ላይ ነው።

"አዮ፣ የተኛችው የሦስት ሰው ትከፍላለች" አለኝ ረዳቱ፤ በእኛ አገር እናትን አዮ ይላሉ።

"አንተ በሩ ላይ ተንጠልጥለህ አይደል የምትሄደው? ያንተን ወንበር ቀንስላት!"

ሰው ሳቀበት፤ የሁለት ሰው ተቀበለን። ዳገቱ ላይ ጫት የጫነ አይሱዙ እየጮኸ አለፈን። ጫቱ እንዳይጠወልግ ብሎ እኛን ሊያጠወልገን! አርበረከቴ ላይ ሸንኮራ ገዛን፤ እኔ ጥርስ ስለሌለኝ መጠጥኩት።

ሦስት ሰዓት

ከሂርና በባጃጅ ወጣን። የዘይነባ ደጅ በሰው ጢም ብሏል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘዋል።

"ማን ሞቶ ነው?" አለች ዘይነባ ከባጃጁ አንገቷን አውጥታ።

አንዷ አይታት ጮኸች። የኦቦ ጀማል ዶማ ከእጁ ወደቀ። "ያ አላህ! አዮ፣ ሞታለች አላልሽም?"

"መቼ አልኩ?"

"አፎሻው ይዟት ይመጣል አላልሽም? አፎሻ በሕይወት ያለ ሰው ይዞ መጥቶ ያውቃል?"

ሳቄ አመለጠኝ። ትንሿ ልጇ ሮጣ መጥታ ጄሶው ላይ ተጠመጠመች፤ ስታለቅስ አርፍዳ ፊቷ አብጧል። ያኔ ሳቄ ጠፋ።

ሰዉ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ "ሥራ አስፈታችሁን" እያለ መመለስ ጀመረ። ስምንት አሮጊት ያንን ሁሉ ማሽላ እንዴት እንደምንጨርሰው እንጃ።

"ለሬሳዬ የመጣችሁ፣ በሕይወት ስታገኙኝ ትሄዳላችሁ?" አለች ዘይነባ።

መንገድ የጀመሩት ዞር አሉ። ከዚያ ኦቦ ጀማል ዶማውን አነሳና "በቃ፣ ጉዛ ነው!" አለ። ጉዛ የሚሉት ደቦውን ነው።

ሴቶቹ ከእኛ ጋር ማሽላው ውስጥ ገቡ። ወንዶቹ የያዙት የመቃብር መቆፈሪያ አይደል? እህል የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ቆፈሩላት። ለለቅሶ ብለው ያመጡት ምግብም ምሳ ሆነ።

"ጠበበ፣ አስፉት እንጂ!" ትላለች ዘይነባ ተቀምጣ።

"ላንቺ ብንቆፍር እንዲህ አትጨቀጭቂንም ነበር" አላት ኦቦ ጀማል ከጉድጓዱ ውስጥ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቆመ አገዳ አልቀረም፤ የተቆረጠውም ከጣሪያ ሥር ገባ።

ጭሮ

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። የተማርኩት ይህን ነው፦ ለሞተ ሰው ማን እንደሚያበስል፣ ማን እንደሚቆፍር ሳንነጋገር እናውቃለን። ለወደቀ ሰው እንዲሁ እንዳንደርስ ማንም አልከለከለንም፤ አልለመድነውም እንጂ።

እሁድ በስብሰባው ይህንኑ ተናገርኩ። ከዚያ አስካለ መሬት መሬቱን እያየች፣ "የእኔ ቤት ጣሪያ ያፈሳል" አለች።

ስንት ዓመት አብረን ስናስቀብር፣ አንድም ቀን ነግራን አታውቅም።