ከጥቀርሻው ሥር

በእሳት አደጋ ጣቢያው የራስ ቁር የምታጥበውን ሴት ሁሉም «እትዬ ለምን» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ያለ ነገር አይደለም፤ ሴትዮዋ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሳታጣራ አትለቅም። ሠራተኞቹ ከቃጠሎ ተመልሰው የራስ ቁራቸውን ሲያስረክቧት፣ ጓንቷንና የአፍ መሸፈኛዋን አድርጋ ትቀበልና ጥያቄዋን ታዥጎደጉደዋለች። የተቃጠለው ምንድን ነው? ጎማ ነው ወይስ እንጨት? ጭሱስ ምን ምን ይል ነበር? የሰለቸውም ሰው ሳይወድ በግዱ ይነግራታል።

ወሬ መውደዷ ባይካድም፣ ጥያቄው ለሥራዋም ይጠቅማታል። የጎማ ጥቀርሻ ሙጭጭ ይላል፣ የእንጨቱ ቶሎ ይለቃል። የውስጡን ገበር ፈትታ ለብቻው ትዘፈዝፈዋለች፤ ውጪውን ደግሞ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና በስፖንጅ ታሸዋለች። ቶሎ እንዲለቅልሽ ብሎ ቤንዚን ወይም በረኪና ያመጣላት ሰው ጉዱ ፈላ፤ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል ባይ ናት። ጥላ ውስጥ ካደረቀችው በኋላ መብራት ሥር እያገላበጠች፣ በጥፍሯ እየዳሰሰች ስንጥቅ ትፈልጋለች።

አንድ የራስ ቁር ብቻ እጇ ገብቶ አያውቅም፤ እሱም እዚያው ጣቢያ የሚሠራው የታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ባልደረቦቹ «ጥቀርሻው» ይሉታል፤ የራስ ቁሩ ከመጥቆሩ የተነሳ ድሮ ቢጫ እንደነበር የሚያስታውስ የለም። አዲስ ገቢዎች ሲያዩት አፋቸውን ይከፍታሉ፣ እሱም እንደ ኒሻን ይኮራበታል። ላጥብልህ ብላ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ወይ ፍንክች። ጥቀርሻ መርዝ ነው፣ በቆዳ ይገባል ስትለው እስካሁን ምን ሆንኩ ይላታል። እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን ከመርዙም የባሰ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ጥቁር ሥር ምን እንዳለ አታውቅም። የራስ ቁሩ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቃጠሎ አናቱ ላይ የሚወርድ አንድ እንጨት ወንድሟን ይነጥቃታል።

አንድ ከሰዓት ዘዴ ቀየረች። ላጥብልህ ማለቷን ትታ አጠገቡ ቁጭ አለችና፣ የራስ ቁሩ ግንባር ላይ ያለው ጥላሸት ከየት የመጣ እንደሆነ ጠየቀችው። የጥቀርሻው ፊት በራ። የጨርቅ ፋብሪካው ነው አላት። ጎኑ ላይ ያለው የነዳጅ ማደያው ነው፤ ከኋላ ያለው ሁለት ሕፃናት ያወጣበት ፎቅ ቤት ነው። እያንዳንዱን በጣቱ እየጠቆመ ተረከላት። ለካ ማንም ጠይቆት አያውቅም። አገር ምድሩን ስትጠይቅ ለሱ ያተረፈችለት ቁጣ ብቻ መሆኑ ገብቷት አፈረች።

«አናቱ ላይ ያለውስ?» አለችው።

«እሱ የጣውላ መጋዘኑ ነው። ጣሪያው ሲወርድ አንድ ወራጅ መታኝ። ትንሽ አዞረኝና ተነሳሁ።»

«ለማን ተናገርክ?»

የራስ ቁሩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይሄኛው ደግሞ በሽታውን አናቱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣቢያውን በጩኸት ታናውጠው ነበር። አሁን ግን ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አምጥታ ሰጠችው።

«አንተው እጠበው። እኔ አጠገብህ ቆሜ አያለሁ።»

ውሃው ጠቆረ። ደፍተው ቀየሩት፣ ደግሞ ጠቆረ። ቢጫው ቀስ በቀስ ብቅ ማለት ጀመረ። አናቱ ጋ ሲደርስ የጥቀርሻው እጅ ቀጥ አለ። ከአናቱ ተነስቶ እስከ ጆሮ የሚወርድ ስንጥቅ፣ ጥፍር የሚያስገባ። ይህን አድርጎ ስንት ቃጠሎ ውስጥ እንደገባ ሁለቱም በየልባቸው አሰቡ። የእትዬ ለምን እንባ ወረደ፤ የምትጠይቀውም ጠፋት። ከዚያ መቀስ አንስታ የአገጭ ማሰሪያውን ቆረጠችው። ከሥራ የተሰናበተ የራስ ቁር ማንም ተሳስቶ እንዳያጠልቀው እንዲህ ይደረጋል። እሱ ማየት አልቻለም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አዲሱን አጥልቆ ሲያዩት ባልደረቦቹ ሳቁበት፣ ዛሬ የተቀጠርክ መሰልክ እያሉ አላገጡበት። እሱም ቅር ብሎት ሰነበተ። እህቱን ሰላም ይላታል እንጂ አያዋያትም ነበር። ከአንድ የቀለም መደብር ቃጠሎ የተመለሰ ዕለት ግን፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ በቀጥታ ወደ ማጠቢያው ክፍል መጣ። የራስ ቁሩን ዘረጋላት። ልትቀበለው ስትል ግን አልለቀቀውም።

«እጠቢው፣ እታለም» አላት። «መጀመሪያ ግን የት እንደነበርኩ ጠይቂኝ።»