ሰማያዊው ዓሣ ታየ

«ተነሽ! ዓሣው ታየ! ኧረ ተነሽ፣ አንቺ ልጅ!»

አከራዬ መስኮቴን በመዳፋቸው እየደበደቡ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ገና የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ብቻ ነክታለች። ጋቢዬን እንደተከናነብኩ በባዶ እግሬ ወጣሁ። እውነትም ታየ። ከአምስት ቀን በፊት ጎመን የተቀቀለበት ይመስል የነበረው የመዋኛው ውኃ እስከ ወለሉ ጠርቷል። ከታች፣ በሰማያዊ የሸክላ ስብርባሪ የተሠራ አንድ ትልቅ ዓሣ ወደ እኛ አፍጥጧል። ጅራቱ ላይ ሦስት ስብርባሪ ጎድሎታል። እኔ ጮህኩ፤ እሳቸው እልል አሉ። ያን በሚያህል ግቢ ውስጥ ሁለታችን ብቻ።

እልልታቸው ሲያበቃ ግን የፈራሁት መጣ።

«በይ እንግዲህ፣ ለሳምንት እሑድ እነዚያን ጓደኞችሽን ጥሪያቸው።»

ጓደኞች አልነበሩኝም።

ለመሰናዶ ትምህርት ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣሁት መስከረም ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ዞረችና «ማነው ጠጥቶ የመጣ?» አለች። ሹራቤ ነበር። እናቴ አረቄ አውጪ ናት፤ ሹራቤ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ የተሰቀለው ጋኑ በሚጣድበት ጎጆ ውስጥ ነው። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ካቲካላ» ሆነ። ሹራቡን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ስሙ ግን አልለቅ አለ። በዕረፍት ሰዓት መጽሐፍ የማነብ መምሰል ተማርኩ። አንዳንድ ቀን አንዱን ገጽ ሳልገልጥ ደወል ይደወላል።

የተከራየሁት ከዋናው ቤት ጀርባ ያለውን የሰርቪስ ክፍል ነው። አከራዬ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ልጅ አልወለዱም። መዋኛውን ያስቆፈሩት ዱሮ በግቢው ይኖሩ የነበሩ የውጭ አገር መንገድ ሠሪዎች ናቸው። ዓሣውን ግን ቤቱን ከነሱ በኋላ የገዙት ሟቹ ባለቤታቸው በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት። በሳቸው ጊዜ እሑድ እሑድ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚህ ይንቦጫረቅ ነበር አሉ። እኔ ስመጣ ደረቅ ጉድጓድ ነው፤ ቅጠልና አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ይዟል። መጋቢት ላይ የጎረቤት በግ ወደቀበትና ጎረቤቱ ተቆጣ።

«ወይ ይሠራል፣ ወይ በአፈር ይሞላል» አሉ አከራዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቢሠራስ ማን ይዋኝበታል? አንቺ ጓደኞች አሉሽ?»

«ሞልተውኛል፣ እትዬ!» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። እንዳያዝኑልኝ መሰለኝ።

ለጥገናው ተጠርተው የመጡት ቧንቧ ሠራተኛ ወሬያቸው ከመፍቻቸው የሚበዛ ሰው ናቸው። «እትዬ፣ የማርቆስ ሰው ፊቱን ለመታጠብ ውኃ ያሞቃል፤ እርስዎ ዋና ይላሉ!»

«ዝም ብለህ ፍታ!»

ዝገት የበላው የብረት ቧንቧ ሁሉ ተቆፍሮ ወጣ፤ በቦታው አዲስ ተዘረጋ። ሥራው ለእኔ የገባኝ አከራዬ «እንደ ደም ዝውውር ነው» ሲሉኝ ነው። ፓምፑ ውኃውን ከወለሉ ይስባል፤ አሸዋ ወደ ሞላው በርሜል ይገፋዋል፤ አሸዋው ቆሻሻውን ያስቀርና ንጹሑ በግድግዳው በኩል ይመለሳል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አቀባይ ሆንኩ። በኋላ ሠራተኛው ቧንቧው ጫፍ ላይ ቴፍሎን መጠምጠም ፈቀዱልኝ፤ ያ መጋጠሚያው እንዳያፈስ የሚጠመጠመው ነጭ ጥብጣብ ነው። «ቴፍሎን!» ብለው ሲጮሁ እሮጣለሁ። በስሜ ባይሆንም፣ መጠራት ነው።

መዋኛው ከግቢው ጉድጓድ በተቀዳ ውኃ ሞላ፣ ፓምፑም ተነሣ። አጓራ፣ አሳለው፣ በመስታወት ክዳኑ ሥር አረፋው ተንተከተከ። በግድግዳው በኩል ከውኃ ይልቅ አየር ይተፋል። ሠራተኛው መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በደረቅ እጃቸው ዳሰሱ።

«ጠብታ የለም! ሞተሩ ነው ያረጀው። እኔ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ውኃው እንደቆመ አረንጓዴ ሆነ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ልናገር። ምን እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር፤ ሁለት ቀን ግን ዝም አልኩ። ብናገር ከየት እንዳወቅሁት ይጠይቁኛል። ውኃው ቢዞር ደግሞ እነዚያ የሞሉኝ ጓደኞች መምጣት ሊኖርባቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ባለጋሪ በር ላይ ቆሟል። አከራዬ «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ አፈሩን አምጣ» አሉት። ከዚያ ሄደው የመዋኛው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ዓሣው ባለበት በኩል ነው የሚያዩት፤ ግን ምንም አይታይም።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «ትንሽ ዱቄት ይስጡኝ። ላቡካ።»

ሠራተኛው ዕቃቸውን እየሸከፉ ነበር። «ለፓምፑ ዳቦ ልትጋግሪለት ነው?»

«እናቴ አረቄ ታወጣለች» አልኩ። በዚህ ከተማ ይህን በገዛ አፌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አረቄ ሲወጣ ጋኑና መቃው የሚገናኙበት በሊጥ ይመረጋል። እሳቱ ሲነድ እንፋሎት የሚያመልጥበት ለማንም ይታያል። ችግሩ እሳቱ ሲበርድ ነው፤ ያኔ ጋኑ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ምርጊቱ ቀዳዳ ካለው ሊጡ እዚያው ላይ ይሰረጉዳል። እናቴ «የሚወጣውን ዓይንሽ ያየዋል፣ የሚገባውን ጣትሽ ይጠይቅ» ትለኛለች። የፓምፑም መሳቢያ እንደበረደ ጋን ነው፤ ቀዳዳ ቢኖረው ውኃ አያንጠባጥብም፣ አየር ይጠጣል።

ጠንከር አድርጌ አቦካሁ። ፓምፑ እየሠራ፣ ከሱ በፊት ያሉትን መጋጠሚያዎች በሊጥ መረግኩ። የመጀመሪያው ደህና። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛውም። አራተኛው ግድግዳው ሥር የሚታጠፈው ነው፤ ሠራተኛው ጎሚቶ ይሉታል። እዚያ ላይ ሊጡ በጣት እንደተወጋ ጎደጎደ። ጨመርኩበት። በመስታወቱ ሥር ያለው አረፋ ሳሳ፣ ሳሳ፣ ጠፋ።

«ያዘ! ኧረ ውኃውን ያዘ!» ሠራተኛው ፓምፑን አጥፍተው ጎሚቶውን ፈቱት። ቴፍሎኑ ወደ ግራ ተጠምጥሞ ተጨማድዷል። «የማን እጅ ነው ይኼ?»

«የኔ» አልኩ።

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ራሷ አሳመመችው፣ ራሷ አዳነችው! የደምበጫዋ፣ ሁለተኛ ወደ ቀኝ ነው፣ ወደ ቀኝ!»

እንደገና ሲነሣ አከራዬ ውኃው በሚመለስበት አፍ ላይ እጃቸውን ዘረጉ፤ የበሽተኛ ትርታ እንደሚቆጥር ሰው በከንፈራቸው ቆጠሩ። ወሬ ለማየት በር ላይ የቀረውን ባለጋሪ መልሰው የላኩትም እርጥብ እጃቸውን እያወዛወዙ ነው።

አምስት ቀን ዞረ። ከዚያ ዓሣው ታየ፤ ከዚያ «ጓደኞችሽን ጥሪያቸው።»

«እትዬ፣ ዋሽቼ ነው። አንድም የለኝም።»

«አውቃለሁ። ስምንት ወር ሙሉ በዚያ በር ሲገባ የምሰማው ያንድ ሰው ኮቴ ነው።»

«ታዲያ ለምን ጥሪ አሉኝ?»

«እንድትጠሪ ነዋ! አፍሽ ቢፈራ ሁልጊዜ ትጽፊ የለ? ጻፊላቸው።»

የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡት ወዲህ እጄ ደፍሯል፤ አፌ ግን ገና ነው። ስለዚህ ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት በሚኒ ሚዲያው ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ቆማችሁ የምታነቡት እናንተ ናችሁ።

እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ኑ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፤ የማታውቁኝ ካላችሁ ሊጥ የነካው ግራጫ ሹራብ የለበስኩት ነኝ። ውኃው በጣም ይቀዘቅዛል፤ ከእንግዲህ አልዋሽም። እኔም መዋኘት አልችልም፤ አከራዬ አስተምራችኋለሁ ብለዋል። ለዓሣው ጅራት የሚሆን ሰማያዊ ስብርባሪ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ካቲካላ የምትሉኝም ኑ።