የጠጣሁበት ኩባያ

ከጌጫ ወደ ቴፒ ያወረዱኝ ደም እየተፋሁ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ከቡና ጫካ ዳር ያለች የሚሲዮን ክሊኒክ ተቀበለችኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ሚስቱ ነርስ ናት፤ አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻቸው።

«መድኃኒቱን ሳትጨርስ ከሄድክ ትሞታለህ» አለኝ ሐኪሙ። ቤቴ ሩቅ ስለሆነ እስክጨርስ እዚያው እንድቆይ ተፈቀደልኝ።

ሳሉ ቀለል ብሎልኝ፣ በሽታው ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም ሲባል፣ ቤታቸው ሻይ ይጠሩኝ ጀመር። በኩባያ ይሰጡኛል። ችግሩ ኩባያው ነው። እኛን የተናቀ ጎሳ ናችሁ ብለው ጎረቤቶቻችን በዕቃቸው አያበሉንም። ደጅ ቆመን በኮባ ቅጠል እንቀበላለን። ብርጭቆ ከነካን ይሰበራል፤ ዓይኔ እያየ ሲሰበር ነው ያደግኩት። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ ይህን ግን የሚያስተምረኝ አላስፈለገኝም። ስለዚህ ፈረንጆቹ ሲሰብሩት ከማይ ብዬ የጠጣሁበትን ይዤ እወጣለሁ። ምንም አይሉኝም። በሌላ ቀን ሌላ ኩባያ ይሰጡኛል፤ እሱንም ይዤ እወጣለሁ። አልጋዬ ሥር ተደረደሩ።

አንድ ቀን ዘበኛው አገኛቸው። ኩባያዎቹን በአንድ እጁ፣ እኔን በሌላው እየጎተተ በረንዳቸው ላይ አቆመኝ።

«ዶክተር፣ ይኸው ሌባዎ! ዛሬውኑ ይውጣ!»

ከወጣሁ አለቀልኝ። መድኃኒቱ ገና ግማሽ ነው።

ሚስትየው ግራ ገባት። «ሌባ? የአገሩ ባህል አይደለም እንዴ? እንግዳ የጠጣበትን ይዞ ይሄዳል ብለን…»

«የት አገር ነው እንዲህ ያለ ባህል፣ ሲስተር?» አለ ዘበኛው።

ልጅቷ ጣልቃ ገባች። አማርኛዋ ከወላጆቿ ይሻላል። «እኛም እኮ ለፋሲካ አንተ ቤት መጥተን ብርጭቆህን ይዘን ሄድን፣ ጋሼ!»

ዘበኛው እጄን ለቀቀ። «ለካ ለዚህ ነው! ሚስቴ እስከ ዛሬ ‹ፈረንጆችህ ብርጭቆዬን በሉት› እያለች መውጫ አሳጥታኛለች!»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

«አንተስ ለምን ወሰድክ?» አለኝ ሐኪሙ።

«እሱን ይጠይቁት፤ ያውቃል።»

ዘበኛው አቀረቀረ። የኛው አገር ሰው ነው፣ ዕቃ ከሚሰብሩት ወገን፤ ኩባያዎቹን እንዳየ ገብቶታል። ያንገበገበው ስርቆት አይደለም፤ እኔ ቤታቸው ገብቼ ወንበር ላይ መቀመጤ ነው። እኔው ተናገርኩ።

«እኔ የጠጣሁበት ይሰበራል። እናንተ ስትሰብሩት ማየት አልፈለግሁም።»

ሚስትየው ኩባያዎቹን አጥባ፣ እኔን በረንዳው ላይ ካለው ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ሻይ ቀዳችና ለሁላችንም ሰጠች፤ ቀድማ እሷ ጠጣች። ልጅቷ ስኳር አነሰኝ ብላ ተነጫነጨች። ዘበኛው ኩባያውን እስኪቀዘቅዝ ይዞት ቆመ።

«ጾም ላይ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

አመሻሽ ላይ ሻይ የሚከለክለው የትኛው ጾም እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም።

«እንግዲያው ወደ በሩ ተመለስ» አለው ሐኪሙ። «እሱ መድኃኒቱን ሳይጨርስ የትም አይሄድም።»

ዘበኛው ኩባያውን ሳይቀምሰው አስቀምጦ ወጣ። እኔም ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳብኩ።