ያቃጠልኩት የፈንታው ላባ

ዛሬ ጠዋት ፍላቂት ላይ ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ ነው ስልኬ ላይ «ፈንታው አረፈ» የሚል ያየሁት። አላመንኩም። ፌስቡክ ስንቱን ቀብሮ አስነስቷል።

ለላከልኝ ልጅ ደወልኩ። አለቀሰ። እሱንም አላመንኩትም፤ ሌላ ሰው ጋ ደወልኩ። በሦስተኛው እህቱ ዘነቡ አነሳች። ልቡ ነው አለችኝ። የላሊበላን ዳገት በቀን ሦስቴ የሚወጣ ሰው፣ ልቡ? እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ለማታውቁት፣ ፈንታው እንደ እኔው አስጎብኚ ነበር። ልዩነታችን፣ ሥራ ሲጠፋ እኔ ሰው አማለሁ፣ እሱ ዓሣ ሊያጠምድ ወንዝ ይወርዳል። ያስተማረው አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነው። ሰውየው ትራውት የሚባል ዓሣ ፍለጋ መጥቶ፣ «እሱ ያለው ባሌ ነው» ሲሉት በእኛው ዓሣ ተጽናና፤ ሲሄድ ዘንጉን ለፈንታው ተወለት።

በጋ ላይ ውሃው ሲጠራ ፈንታውን የምታገኙት ተከዜ ዳር ነው። ደግሞ ይይዝና መልሶ ይለቀዋል። ይሄን የሰማ ሁሉ ጠረጠረው። ወርቅ ነው የሚፈልገው ያለም ነበር። እኔ ከሁሉም ባስኩ።

የፋሲካ ማግስት በየቤቱ እየዞረ የታረደ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ሲለምን አየሁት። ያውም ገብስማ እየመረጠ። ገብስማ ዶሮ አምጡ የሚል ማን እንደሆነ እዚህ አገር የማያውቅ የለም፤ ጠንቋይ ነው።

ከሳምንት በኋላ ቤቱ ሄጄ፣ እሱ ውጭ ሳለ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩ። በቀይ ክር የተጠመጠመ ላባ፣ ከየላባው ሥር መንጠቆ። ጓደኛዬ መተት ገባ ብዬ ቆርቆሮውን በጋቢዬ ሸፍኜ ወደ ነፍስ አባታችን ሮጥኩ። አባ ጠበል ረጩበት፤ እኔ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ፈረንጁ በእጁ የሠራለትም እዚያው ውስጥ ነበር።

ወር ሳይሞላ ፈንታው ወንዝ ይዞኝ ወረደ። አዲስ የተጠመጠመ ላባ ከክሩ ጫፍ አስሮ ውሃው ላይ ጣለው። ቁርጥ ዝንብ። ዓሣው ብቅ ብሎ ዋጠው። እኔ ደንግጬ ብድግ ስል «ጥላህን ሰብስብ» አለኝ። ለካ ዓሣ የሰው ጥላ ካየ አይቀርብም። ከዚያ ወዲህ ስለማንም ክፉ ስጠረጥር «አንተና ዓሣ አንድ ናችሁ፣ ጥላህን ሰብስብ» ይለኝ ነበር።

ማቃጠሌን ግን አልነገርኩትም። አፈርኩ። አንድ ቀን ብቻ ቆርቆሮው እንደጠፋው አነሳልኝ። አይጥ ይሆናል አልኩት። ቆርቆሮ የሚሸከም አይጥ! ሳቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያውቃል፣ አያውቅም እያልኩ ፊቱን ሳጠና ኖርኩ። ሻይ ሲጋብዘኝ እንኳ ምን አስቦ ነው እላለሁ።

ዛሬ ዘነቡን ጠየቅኳት። በለቅሶ መሀል ይሄ ይጠየቃል? ጠየቅኳት። በዚያው ሰሞን አባ ራሳቸው ጠርተው «ልጄ፣ ምን ውስጥ ገብተህ ነው?» ብለውት ኖሯል። ዘንጉን ይዞ ሄዶ አሳይቷቸዋል፤ ቆርቆሮውን ማን እንደወሰደውም ያኔ አውቋል። ታዲያ እኔን ለምን ዝም አለኝ ስላት፣ እንዲህ ብሎኝ ነበር አለችኝ፦

«ፈርቶልኝ ነው እኮ ያደረገው። ካነሳሁበት ያፍርና ቤቴ መምጣት ይተዋል።»

ወንድምዓለም፣ ይህን ሁሉ ዓመት በልብህ የምትስቅብኝ ይመስለኝ ነበር። አንተ እስክነግርህ ስትጠብቅ ኖረሃል። ቆርቆሮህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ይኸው ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ፤ ለአንተ ለብቻህ መንገር ነበረብኝ። ይቅር በለኝ፣ ደህና ሁን።