ዋናው አስታማሚ ጄኔቫ ነው

አባቴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር እኔ ቤት ይኖራሉ። ከአልጋ የማነሳቸው፣ ገላቸውን የማጥባቸው፣ ሐኪም ያዘዘላቸውን ያንን ጠባብ ካልሲ ታግዬ የማለብሳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ አውሮፕላን አጸዳለሁ። ታላቅ ወንድሜ ጄኔቫ ነው። እሱ ደግሞ እሁድ እሁድ ይደውላል።

አንድ ቀን ወገቤ እምቢ አለ። ዲስክ ተንሸራቷል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል ተባልኩ። ሐኪሙ "እስክትድኚ አባትሽን ማን ያነሳቸዋል?" ሲለኝ ሳቄ መጣ። እሱ ግን የምሩን ነው። ለካ እዚህ አገር አስታማሚም መብት አለው! ዋና አስታማሚው ሲታመም በሽተኛውን ለጊዜው የሚቀበል ማረፊያ አለ፤ ማመልከት ብቻ ነው። አቤት አገር! ብዬ አመለከትኩ።

ከገማይንደው፣ ከከተማው አስተዳደር፣ አንዲት ሴትዮ ፎርም ይዛ መጣች። አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ተቀበሏት። ከረባቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አስተርጓሚዋም እኔው።

"የሚንከባከብዎት ማን ነው?" አለቻቸው።

"የበኩር ልጄ!" አሉ ደረታቸውን ነፍተው። ስሙንም ነገሯት።

"ኧረ አባባ!"

"ያልኩትን ተርጉሚ።"

እንግዳ ፊት አባቴ ዋሹ ልበል? ደግሞ ጀርመንኛ አይናገሩም እንጂ የልጃቸው ስም ሲጠራ ይለያሉ። ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ወደ እኔ እየጠቆመች "እሷስ?" አለች። "እሷ አልፎ አልፎ ሻይ ታፈላለች" አሉ። እሱንም ተረጎምኩት። ይሉኝታ የማያስደርገው ነገር የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለወንድሜ ደብዳቤ ደረሰው። ስለ ትጋቱ አመስግነው፣ ለአስታማሚዎች የእረፍት ቀን ጋብዘው፣ ከከበደው የሚያማክረው ባለሙያ እንዳለ ገልጸውለታል። ጉድ በል ጎንደር! ደውሎ "እኔኮ ይህን ያህል እንደደከመኝ አላወቅሁም ነበር" አለኝ። የእኔ ደብዳቤ አጭር ነው፤ ዋና አስታማሚ ስላልሆኑ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም። ኦፕራሲዮኑ ተራዘመ። ደሜ ፈላ።

"ወንድም ጋሼ፣ በቃኝ!" አልኩት። "በመጀመሪያው ባቡር ና። ሴትዮዋንም ጠርቻታለሁ፤ ስታስታምም ትይህ።"

መጣ። ሴትዮዋም መጣች። ወንድሜ ኮቱን አውልቆ ተንበረከከና ካልሲውን ማልበስ ጀመረ። የካልሲው ተረከዝ በላይ በኩል ወጣ። አባቴ ጥርሳቸውን ነክሰው "አይ ጎበዝ!" ይሉታል። "ጠዋት የሚወስዱት የትኛውን መድኃኒት ነው?" ብላ ስትጠይቀው እኔን ያየኛል። "በየስንት ቀኑ ነው የምታጥባቸው?" አለችው። አሁንም እኔን።

አባቴ እግራቸውን ቀስ ብለው ከእጁ ሳቡ።

"ልጄ" አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። "ሴት ልጄ ገላዬን ታጥበኛለች ብዬ ለባዕድ እንዴት ልናገር ብዬ ነው። አፍሬ ነው። አሁን ንገሪያት። የምታጥበኝ ይህችው ልጄ ናት በያት። ወገቧን የሰበርኩትም እኔ ነኝ በያት።"

እንባዬ ቀደመኝ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ወንድሜ ከተንበረከከበት ሳይነሳ በጄኔቫው ፈረንሳይኛ ነገራት፤ እሷም ትችላለች። ገላቸውንም፣ ወገቤንም፣ ሀፍረታቸውንም፣ ምንም ሳያስቀር። ከዚያ ጣቱን ፎርሙ ላይ አድርጎ ስሙን አሰረዛት።