ደረሰ ለጌም ንጉሥ ዘር የቆጠረ ጊዜ

ፍኖተ ሰላም ኮብልስቶን ሲነጠፍ በነበረበት ዓመት፣ መናኸሪያው ጀርባ ደረሰ የሚባል የዱርቤቴ ሰው ጌም ቤት ነበረው። ጌም ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ቴሌቪዥን ነው፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ።

ደረሰ አስረኛ ክፍል ወደቀ። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረ፤ ማሽኑን አበላሽቶ ለቀቀ። ከዚያ ቡሬ ሄዶ የበቆሎ ደላላ ሆነ። ለገዥው ሌላ ታሪክ፣ ለሻጩ ሌላ ታሪክ ሲነግር ከርሞ፣ አንድ ቀን ሁለቱ አንድ ጠላ ቤት ተገናኙ። የዚያን ዕለት ነው ቡሬን የለቀቀው። ለወጉ ጌም ለማጫወት መጣሁ ይላል።

ሌሎቹ ጌም ቤቶች የሚያጫውቱት ኳስ ነው። ደረሰም ኳስ ነበረው፤ ሲዲው ተጫጭሮ አልሠራ አለ። የተረፈው አንድ የሰይፍ ጌም ነው። ንጉሥ አለበት፣ ዘንዶ አለበት፣ ፀጉሩ እንደ በቆሎ ጺም ቢጫ የሆነ ጎረምሳ አለበት። ጽሑፉ የጃፓን ነው አሉ፤ የቻይናም ይሆናል። እኔ ሰባተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፣ ደረሰ አስረኛ፤ እኩል ነው የማናነበው።

ደረሰ ግን አላነበብኩትም ብሎ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ታሪኩን ራሱ ሠራለት። ንጉሡን አፄ ደምሳሽ አላቸው፣ ጎረምሳውን ቢሆነኝ፣ ነጭ የምትለብሰውን ልጅ ንግሥቴ። ቢሆነኝ የአፄው ልጅ ነው፤ አባቱን ዘንዶ በልቶበታል። ሰዉ መጫወቱን ትቶ እሱን ሊሰማ ይመጣ ጀመር። እኔም እሄድ ነበር፣ ሥራ አልነበረኝም። ማክሰኞ ያወራውን ቅዳሜ ይረሳዋል። ማን ልብ ይለኛል ብሎ ነው። ራሱ ጎጃሜ ሆኖ ጎጃሜን አላወቀውም።

በዚያው ሰሞን አቻምየለሽን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ የተሻለ ሰው አጥቶ ነው። አቻምየለሽ የአያ ባምላኩ የልጅ ልጅ ናት። አያ ባምላኩ ደግሞ የከተማው ዝምድና ቆጣሪ ናቸው። ሰባት ቤት ድረስ እሳቸው ቆጥረው አይገናኙም ካላሉ የሚጋባ የለም። ስንቱን ሠርግ ጠላው ከተጠነሰሰ በኋላ አፍርሰዋል። እኛንም "ከፋሲካ በኋላ ልጁ ራሱ ዘሩን ቆጥሮ ይምጣ" ብለው መለሱን።

ታዲያ በዐቢይ ጾም መሀል ቢሆነኝ ዘንዶውን ገደለ። ጆይስቲኩን የያዘው ባጃጅ ነጂው ቢሰጥ ነው። ዘንዶው እንደወደቀ ቢሆነኝ ቤተ መንግሥት ገባ። ነጭ የለበሰች ልጅ ቆማለች፤ ጺሙ የረዘመ ሽማግሌ መሀል ቆሟል፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ከሁለት ምርጫ ጋር መጣ። ሠርግ መሆኑን ለማወቅ ጃፓንኛ አያስፈልግም።

ቢሰጥ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"ይቺ ንግሥቴ አይደለችም?"

"ናት" አለ ደረሰ።

"ባለፈው ቅዳሜ የአፄው የእህት ልጅ ናት አላልክም?"

ደረሰ የቴሌቪዥኑን ገመድ ያስተካክል ጀመር።

"የአክስቱ ልጅ ናታ። እኔ የአክስት ልጅ አላጋባም። ጾምም ነው ደግሞ።"

ሌላው ተቀበለው፤ እሱም አላጋባም አለ። እምቢ የሚለውን ሲጫኑት ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። እንደገና እምቢ ሲሉት እንደገና ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ያየሁት ቀበሌ ስብሰባ ላይ ብቻ ነው።

በማግስቱ ደረሰ የአክስት ልጅ ከአጎት ልጅ ያጋባል ተብሎ ተወራ። በጌም ነው የሚለውን የጨመረ የለም።

"አያ ደጀኔ፣ አለቀልኝ" አለኝ። "አያ ባምላኩ ይሄን ከሰሙ ልጅቱን አይሰጡኝም።"

"አይሰጡህም" አልኩት።

አያ ባምላኩ ሰምተው ኖሮ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ራሳቸው መጡ። ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ።

"የልጅቱ እናት ማን ናት?"

"የአፄው እህት ናት፣ አያ። ግን እሷና አፄው በእናት አይገናኙም።"

"በአባትስ?"

"በአባት ይገናኛሉ።"

"ታዲያ በእናት አለመገናኘቱ ምን ሊረባህ ነው?"

ደረሰ ላቡን ጠረገ። "ልጅቱ እኮ ማደጎ ናት። ሳልነግራቸው ቀርቼ ነው።"

"የእናቷን ምጥ አውርተህልናል" አለ ቢሰጥ። "ሀብትነሽን አስለቅሰሃታል።"

ሀብትነሽ በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ናት። "አልቅሻለሁ" አለች።

"ልጅቱን ተዋትና ወደ ልጁ ና" አሉ አያ ባምላኩ። "እናቱ ማን ናት?"

"እቴጌዪቱ።"

"አባቱስ?"

ደረሰ ስክሪኑን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ፊቱ በራ።

"የአፄው ፈረስ ጠባቂ ነው።"

ሀብትነሽ ሻይ መቅዳቷን አቆመች።

"አፄው ዘመቻ ላይ ነበሩ። የልጁን ፀጉር እዩት፤ ፈረስ ጠባቂው ነው ቢጫ ፀጉር የነበረው" አለና የፈረስ ጠባቂውን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ሰባት ቤት ድረስ ሳይደናቀፍ ቆጠረላቸው። አንዳቸውም ከአፄው ዘር አልነኩም።

ቢሰጥ ከፋው። ስንት ጊዜ ከዘንዶ አፍ ያወጣው ልጅ ነው። "ዲቃላ ነው እያልከኝ ነው? ዲቃላ ከሆነ ዙፋኑን ማን ይሰጠዋል?"

"ዙፋን ላይማ ማንም ይቀመጣል" አሉ አያ ባምላኩ። "የሚከብደው ጋብቻ ነው። አይገናኙም፤ አጋቧቸው።"

ቢሰጥ እያጉረመረመ ተጫነው። ተጋቡ። ጾም መሆኑን ያነሳ የለም። ሀብትነሽ እልል አለች። ደረሰ አንዲት ክብርት እቴጌ በሰው ፊት አዋርዶ፣ አቻምየለሽን አገባሁ ብሎ ፈገግ አለ።

ከፋሲካ በኋላ ሄድን። ደረሰ የወንድሙን ኮት ለብሷል። ቆሞ ሰባቱንም ቤት ቆጠረ። ልክ ነው፤ ከሰባቱ ሁለቱን እኔም አውቃቸዋለሁ፣ አንዱን ቀብሬያለሁ። አያ ባምላኩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

"አሳምሮ ቆጠረ" አሉ። "ፈረስ ጠባቂውንም እንዲሁ ነበር ያሳመረው።"

"ያ እኮ ጌም ነው፣ አያ" አልኩ።

"ጌም መሆኑንማ አይቻለሁ። እኔን የቸገረኝ፣ ሲፈጥርም ሲያስታውስም ፊቱ አንድ ነው። በምን ልለየው?"

ሰው ይመስክርለት ተባለ። ከዱርቤቴ አጎቱና የአባቱ አክስት መጡ። አጎትየው አምስተኛው ቤት ውቤ ነው አሉ። አክስትየዋ፣ "ውቤን ከየት አመጣኸው፣ ገብረ ማርያም ነው" አሉ።

"ውቤ የዓለም ስሙ ነው፣ ገብረ ማርያም የክርስትና ስሙ" አለ ደረሰ።

እውነትም እንደዚያው ነው፤ ኋላ ከሌሎችም አጣርቻለሁ። ግን አክስትየዋ አፋቸውን ሳይዘጉ ነው የተናገረው፤ ፊቱም እንደዚያን ቀን በርቶ ነበር። ትንሽ ቢያስብ፣ ትንሽ ቢንተባተብ ምን ነበረበት? አያ ባምላኩ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

"አያችሁት? እዚሁ እፊታችን ሠራው" አሉ። ልጅቱን ከለከሉት።

ጥር ላይ አቻምየለሽን ለአንድ የአዴት አይሱዙ ነጂ ሰጧት። ዘርህን ቁጠር ሲባል ሦስት ቤት ቆጠረና፣ ከዚህ በላይ አላውቅም አለ።

"ይሄ ሐቀኛ ልጅ ነው" አሉ አያ ባምላኩ፤ የቀሩትን አራት ቤት ራሳቸው ቆጠሩለት። አዴትን ረግጠው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኛም የተጠራን ሽማግሌዎች ልክ ነው ብለን ወደ መብሉ ቀረብን።