የዳነ ሰው ቀጠሮ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዶክተር ፎዚያ ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ አስረከቡኝና፣ «ሲስተር አልማዝ፣ እዚህ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ሁሉም ጨዋ ነው» አሉኝ። ሐረር ስላደጉ አማርኛቸው ከኔ ይበልጣል።

ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ያለችው የሱስ ክሊኒካችን ባለ ሁለት ክፍል ነበረች። ሰባት ሰዓት ላይ ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግሮ የሚመጣውን ጫት የጫነው መኪና ክላክሱን እየነፋ ሲያልፍ፣ ታካሚው አፉ ውስጥ የከተትኩለትን ቴርሞሜትር ጥሎ እብስ!

ከሁሉም የማልረሳቸው አቶ ጣሂርን ነው፤ የባቡር ሜካኒክ ነበሩ። ባለቤታቸው ዘይነባ ሃያብለ ሰፈር ካለው ቤታቸው እየጎተተች አመጣቻቸው። «ሲስተር፣ ይሄ የመጨረሻው ነው። እንደገና ከቃመ ልጆቼን ይዤ ድሬዳዋ እገባለሁ» አለችኝ።

አቶ ጣሂር ጫቱን ተዉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል አልቀመሱም። እኔም ደስታው አሳብዶኝ ዶሴያቸው ላይ «ድነዋል» ብዬ ጽፌ ዘጋሁት።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ጣሂር መጡና «የወንድሜ ልጅ ሽምግልና አለ» አሉኝ። እዚህ አገር የጋብቻ ነገር የሚያልቀው በርጫ ላይ፣ ወንዶች እየቃሙ ነው። አጎት ደግሞ አይቀርም። «ሻይ ብቻ ብጠጣስ?»

«ይሂዱ እንጂ! ምን ይሆናሉ?» አልኳቸው።

በሳምንቱ ጉንጫቸው ተወጥሮ መጡ። «ዘይነባ ሻንጣ እያሰረች ነው» አሉኝ። ደሜ ፈላ። «ወኔ የሌለዎት ሰው! የሁለት ዓመት ልፋቴን ገደል ከተቱት!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«አባቴም ቃሚ ነበር። በደሜ ያለ ነገር ነው፣ ተይኝ» ብለው ወጡ።

ዶክተር ፎዚያ ጠሩኝ። «ጥፋቱ ያንቺ ነው» አሉ። «ዘረመላቸው አልተለወጠም። ሱስ ግን ዘረመል ላይ ምልክት ይጥላል፤ ይሄኛው ይሥራ፣ ያኛው ዝም ይበል የሚል። ሰውየው ቢተውም ምልክቱ ሁሉ ቶሎ አይጠፋም። በርጫ ሲቀመጥ የድሮው አምሮት ይነሳበታል።»

«ታዲያ አለቀላቸው በሉኛ!»

«ማን አለ? ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው። ግን በኑሮ የመጣ ምልክት በኑሮ ሊለወጥ ይችላል። ጊዜ ይፈልጋል።»

እንዴት ያሉ ሴት ናቸው! ይህን ሁሉ ከፈረንሳይኛ መጽሔት እየለቀሙ ያጠኑት በዚያች በሙቀት በምትፋጅ ክፍል ነው። ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ሃያብለ ይዘውኝ ሄዱ።

ሻንጣው በር ላይ ቆሟል። «ዘይነባ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ፋሻውን የፈታነው እኛ ነን። ይቅርታ አድርጊልን» አሉ። በኔ ጥፋት እሳቸው አንገታቸውን ሲደፉ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

ዶክተር ወደ አቶ ጣሂር ዞሩ። «ጄኔሬተራችን ተበላሽቷል። ከነገ ጀምሮ ልክ በሰባት ሰዓት ይምጡልኝ።»

ዘይነባ ባሏን አየች፣ እኛን አየች። ከዚያ ሻንጣውን አንስታ ወደ ጓዳ መለሰችው።

ጄኔሬተሩ በሳምንት ተሠርቶ አለቀ። አቶ ጣሂር ግን እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መምጣት አላቆሙም፤ ሁልጊዜ የሚጠግኑት አይጠፋም። አንድ ቀን «ዛሬም ያምርዎታል?» አልኳቸው።

«ዛሬም» አሉና መፍቻቸውን አነሱ።

ከሱስ የወጣ ሰው ይበልጥ ክትትል የሚያስፈልገው ጤነኛ ሲመስል ነው።